ዘርዓ ያዕቆብ (ፈላስፋ)

ይህ ገጽ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው ፈላስፋ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነገሡት ንጉሠ ነገሥት «ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ» የሚለውን ይመልከቱ።

ዘርዓ ያዕቆብ (1592 – 1685 ዓ.ም.)፣ በሌላ ስሙ ወርቄ፣ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ደራሲ እንደሆነ የሚነገርለት የአክሱም ተወላጅ፣ የቅኔ ተማሪ፣ የመጻሕፍት መምህርና ፈላስፋ ነው። መጽሐፉ የደራሲውን የሕይወት ታሪክ እንዲሁም ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሥራና ስለ ሰው ባሕርይ ያደረገውን ምርመራ አንድ ላይ ይዟል። ዋና ሐሳቡ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ሰው የማመዛዘኛ ብርሃን ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ሁሉ ራሱ መመርመር ይገባዋል የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ሰው «እኔ» ሲል ምን ማለቱ ነው የሚለውን ጥያቄ ስለሚነካ፣ ዘመናዊ ሥነ ልቦና ስለ ማንነት ከሚያጠናው ጋር ለማነጻጸር ይመቻል።

መጽሐፉ በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያከራክር ቆይቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው የሕይወት ታሪክ ሐተታው ራሱ እንደሚተርከው ነው። የዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የኋላ ዘመን ጥናቶች በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ተሰጥተዋል።

ልደትና ትምህርት

ዘርዓ ያዕቆብ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዘርዓ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ሲሆን ሰዎች የሚጠሩት ግን ወርቄ እያሉ ነበር። አባቱ ትምህርት ቤት አስገባውና ዳዊት ከደገመ በኋላ መምህሩ ልጁ አእምሮው ብሩህ እንደሆነና ቢማር ሊቅ እንደሚወጣው ለአባቱ ነገረው።

ቀጥሎ ዜማ ለመማር ተላከ። ድምፁ ሻካራ ስለነበር ጓደኞቹ ይስቁበት ጀመር። በዚያ ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ አዝኖ ወጣና ሰዋስውና ቅኔ ወደሚያስተምር ሌላ መምህር ሄደ። በቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆየ። በዚህ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ጥልቅ ገደል ውስጥ ወድቆ ሳይጎዳ ተረፈ። በኋላ የገደሉን ጥልቀት በገመድ ለካና ከ25 ክንድ በላይ ሆኖ አገኘው። ተአምር ነው ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ፣ ግን ሳይለካ አልተወውም። ይህ ጠባይ በኋላ በመላው ሐተታው ውስጥ ይታያል።

ከቅኔ በኋላ አሥር ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። የአገሩን ሊቃውንት ትርጓሜ ብቻ ሳይሆን የፈረንጆቹንም አጠና። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከራሱ አእምሮ ጋር እንደማይስማሙ ይታወቀው ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡን በልቡ ይዞ ዝም አለ። ከዚያም ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

ስደትና ዋሻ

ዘመኑ የሃይማኖት ጠብ የበረታበት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስብከት ካቶሊክ ሆነው ነበር። በ1617 ዓ.ም. ፓትርያርክ አፎንሱ ሜንዴዝ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላም አዲሱን እምነት ያልተቀበሉ ሰዎች ይሳደዱ ጀመር። ዘርዓ ያዕቆብ ሲያስተምር ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን አያወግዝም ነበር። በዚህ የተነሣ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ፈረንጆቹ የእነሱ ጠላት አድርገው ሲያዩት የአገሩ ሰዎች ደግሞ ወደ ፈረንጅ ያደላ መሰላቸው።

በመጨረሻ ወልደ ዮሐንስ የተባለ የንጉሡ ወዳጅ የሆነ የአክሱም ቄስ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን ሲሰማ የነበረችውን ጥቂት ወርቅና የሚጸልይበትን መዝሙረ ዳዊት ይዞ በሌሊት ሸሸ። በተከዜ አቅራቢያ በአንድ ሸለቆ ዋሻ አገኘ፤ አውሬ እንዳይበላው ደጁን በድንጋይና በእሾህ አጥሮ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። አልፎ አልፎ ለምግብ ወደ ገበያና ወደ መንደር ሲወጣ ሰዎች ባሕታዊ መስሏቸው ይመጸውቱት ነበር።

በዋሻው ውስጥ ዳዊቱን እየደገመ ሲጸልይ አንድ ጥያቄ ተነሣበት፤ በእርግጥ የሚሰማኝ አለ ወይስ በባዶ ነው የምጮኸው? ይህን ጥያቄ ከራሱ ሕልውና ተነሥቶ መረመረው። እኔ ራሴን አልፈጠርኩም፣ የወለዱኝም ራሳቸውን አልፈጠሩም፤ ወደ ኋላ ቢሄዱ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይደረሳል አለ። ማስተዋልን የሰጠ ራሱ የማያስተውል ሊሆን አይችልም፣ የሚያስተውል ከሆነም ይሰማል ብሎ ጸሎቱን ቀጠለ። በኋላ በሐተታው የጻፈውን አብዛኛውን ሐሳብ ያገኘው በዚህ ዋሻ ነበር። ከሰዎች ጋር በኖረበት ዘመን ካወቀው ይልቅ ብቻውን በዋሻ ሲኖር ያወቀው እንደሚበልጥም ይተርካል።

የእንፍራዝ ኑሮ

ዐፄ ሱስንዮስ ሞተው ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ሲነግሡ ካቶሊካውያኑ ተባረሩ፤ ዘርዓ ያዕቆብም ከዋሻው ወጣ። ብዙ ተጉዞ በጌምድር ውስጥ ወደምትገኘው እንፍራዝ ደረሰና ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ተቀመጠ። መጽሐፍ በመገልበጥ ኑሮውን ይገፋ፣ የሀብቱንም ልጆች ያስተምር ነበር። ከልጆቹ አንዱ ምትኩ የሚባለው ወልደ ሕይወት በኋላ የታወቀ ደቀ መዝሙሩ ሆነ።

እዚያው ቤት ሒሩት የተባለች አገልጋይ ነበረች። ዘርዓ ያዕቆብ በመልኳ ሳይሆን በጠባይዋ፣ በአስተዋይነቷና በትዕግሥቷ መረጣት። ሲያገባትም ከእንግዲህ አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ ናት፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ ከጌታዋ ጋር ተነጋገረ። ልጅ ወለዱ፣ ኑሯቸውም ተሻሻለ።

በ1660 ዓ.ም.፣ በ68 ዓመቱ፣ በወልደ ሕይወት ጥያቄ ሐተታውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ አረፈ። የመምህሩን ሞት በመጽሐፉ መጨረሻ የጻፈው ወልደ ሕይወት ነው። ወልደ ሕይወት ራሱም «ሐተታ ወልደ ሕይወት» የተባለ፣ በምክርና በምሳሌ የተሞላ ሌላ መጽሐፍ ትቷል።

ስለ እኔነት ያለው ሐሳብ

በሐተታው ውስጥ ሰውን ሰው የሚያደርገው ልቡና ነው። ልቡና በግዕዝ ልብንም አእምሮንም ያጠቃልላል፤ የሚያስብ ብቻ ሳይሆን የሚመዝንና የሚመርጥም ነው። ለሁሉም ሰው የተሰጠ ስለሆነ ለጳጳስ ወይም ለንጉሥ ከድሃ ይልቅ አብዝቶ አልተሰጠም። የሴቶች የወር አበባ ርኩስ ነው የሚለውን ሕግ፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥን፣ ጋብቻን ከምንኩስና አሳንሶ ማየትን የተቃወመው በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ልቡና ለሁሉም ከተሰጠ ሰዎች ስለምን ይሳሳታሉ? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ስንፍና ነው። ምርመራ ከባድ ስለሆነ ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ቶሎ ይቀበላል። ሁለተኛው ትዕቢት ነው። ሰው ያላወቀውን እንዳወቀ ያደርጋል፣ ሌሎችን ለመግዛትም ሐሰትን የፈጣሪ ቃል ነው ብሎ ያስተምራል። ፈጣሪ ሰውን መልካምም ክፉም ለመሆን ነፃ ስላደረገው፣ ሰው በሥራው ራሱን ይሠራል።

ሥጋ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ጠላት አይደለም። መብላት፣ መሥራት፣ ማግባትና ልጅ ማሳደግ ፈጣሪ በሰው ባሕርይ ያኖራቸው ናቸው። ነፍስ ግን በዚህ ዓለም የምትፈልገውን ሁሉ አግኝታ አትረካም፤ ዘርዓ ያዕቆብ ይህን ጉድለት ከሞት በኋላ ሕይወት ለመኖሩ ምልክት አድርጎ ወስዶታል።

አንድ አስቸጋሪ ነጥብም አለ። ዘርዓ ያዕቆብ በእንፍራዝ በውጭ እንደ ሌሎቹ ክርስቲያኖች ይኖር፣ በልቡ ግን ልቡናው ያሳየውን ብቻ ያምን ነበር። ይህን ያደረገው ቢናገር ሰዎች እንደማይቀበሉትና እንደሚያሳድዱት ስላወቀ ነው። ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ አኗኗር እንግዳ አይሆንበትም፤ በሰምና ወርቅ ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል አንድ ነገር ሲሆን ውስጡ ያለው ምሥጢር ሌላ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» መጽሐፋቸው፣ ይህ የቅኔ ስልት በአማራ ማኅበረሰብ ውስጥ የንግግርና የአኗኗር ስልትም እንደሆነ አስረድተዋል።

ከዘመናዊ ሥነ ልቦና ጋር ሲነጻጸር

ሐተታው የሥነ ልቦና መጽሐፍ አይደለም። በሙከራ ሳይሆን በጸሎትና በማሰብ የተሠራ ነው። ሆኖም ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ክፍሎች ከሚጠኑት ጋር ይገጥማሉ።

መርማሪውና ተመርማሪው። ዊልያም ጄምስ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የሥነ ልቦና መጽሐፍ እኔነትን ለሁለት ከፈሉ፤ አንዱ የሚያውቀው «እኔ» ሲሆን ሌላው የሚታወቀው «እኔ» ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በዋሻ የራሱን ጸሎት እንደ ሌላ ሰው ጸሎት ቁጭ አድርጎ ሲመረምር ያደረገው ይህንኑ ነው። ጆን ፍላቬል በ1970ዎቹ ስለ ራስ አስተሳሰብ ማሰብ ብለው ያጠኑትም ችሎታ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ዘርዓ ያዕቆብ መርማሪውን «እኔ» የፈጣሪ ስጦታ ማድረጉ ነው። ሥነ ልቦና ግን ምንጩን ሳይሆን አሠራሩን ይጠይቃል።

የወረሱትና የመረጡት ማንነት። ኤሪክ ኤሪክሰን የማንነት ቀውስ የሚለውን ሐሳብ አስፋፉ። ጄምስ ማርሺያ ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በአራት ደረጃዎች አስቀመጡት። ሳይመረምር የወላጆቹን እምነት የያዘ ሰው በአንደኛው ደረጃ ይመደባል። አቋም ሳይዝ ገና በመፈለግ ላይ ያለው በሁለተኛው፣ ፈልጎና መርምሮ የመረጠው በሦስተኛው፣ የማይፈልግም የማይመርጥም በአራተኛው ይመደባል። ዘርዓ ያዕቆብ ስንፍና ያለው ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል፤ የዋሻው ሁለት ዓመት የፍለጋው፣ የእንፍራዝ ኑሮውም የመረጠው ደረጃ ሊባሉ ይችላሉ። ኤሪክሰንና ማርሺያ በዋናነት ስለ ወጣቶች ሲጽፉ ዘርዓ ያዕቆብ ግን ይህን ያለፈበት አስተምሮ ስም ካገኘ በኋላ ነው።

የብዙኃን ጫና። ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት የታወቀ ሙከራ ተሳታፊዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ተጠየቁ። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ግን በክፍሉ ያሉት ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ተነጋግረው በአንድ ድምፅ ስሕተት ይመልሱ ነበር። ከተሳታፊዎቹ 75 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ። ከጎናቸው እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ሲገኝ ግን ጫናው በእጅጉ ቀነሰ። ዘርዓ ያዕቆብ ሰው የሰማውን የሚቀበለው ስለሰነፈ ነው ሲል፣ የአሽ ሙከራ ብቻ መቅረት የሚያመጣውን ፍርሃትም ይጨምርበታል። የዘርዓ ያዕቆብ የራሱ ታሪክም ይህን ይደግፋል። በአክሱም ብቻውን የነበረው መምህር ሐሳቡን በልቡ ደብቆ ኖሯል፤ በእርጅናው የጻፈው የሚሰማው አንድ ደቀ መዝሙር ሲያገኝ ነው።

የተደበቀው እኔ። የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ የነበሩት ዶናልድ ዊኒኮት በ1960 እ.ኤ.አ. ስለ «እውነተኛ እኔ» እና «ሐሰተኛ እኔ» ጽፈዋል። እንደ እሳቸው አባባል ሐሰተኛው እኔ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ እውነተኛውን ከጉዳት የሚጠብቅ ልብስ ሊሆን ይችላል። አደገኛ የሚሆነው ሰውየው ልብሱን ራሱን አድርጎ ሲረሳ ነው። የዘርዓ ያዕቆብ አኗኗር በዚህ ሚዛን ሲታይ ግብዝነት ከመሆን ይልቅ ጥበቃ ይመስላል፤ ምን እንደደበቀና ለምን እንደደበቀ ያውቃልና። ይሁን እንጂ ሌሎች እንዲመረምሩ የሚያስተምር ሰው የራሱን ምርመራ ውጤት መደበቁ ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም።

ልቡና ይታመናል? ሐተታውና ሥነ ልቦና በግልጽ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሪቻርድ ኒዝቤትና ቲሞቲ ዊልሰን በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ሰዎች ስለ ምርጫቸው የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነተኛው ምክንያት አይደለም። በአንድ ሙከራ ገበያተኞች ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ አራት ረጃጅም የሴት ካልሲዎች እንዲመርጡ ሲጠየቁ በስተቀኝ ዳር ያለውን አብዝተው መረጡ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን ስለ ጥራቱ እንጂ ስለ ቦታው አልተናገሩም። ዚቫ ኩንዳ በ1990 እ.ኤ.አ. ሰው ወደሚፈልገው መደምደሚያ የሚያደርሰውን ማስረጃ እንደሚመርጥ አብራርተዋል። በዚህ መሠረት ወደ ውስጥ ማየት ብቻውን ለእውነት ዋስትና አይሆንም።

ዘርዓ ያዕቆብ ይህን አደጋ ፈጽሞ አልሳተውም። ሰው እንደሚቸኩልና ራሱን እንደሚያታልል ጽፏል፤ በማሰቡ ላይም ጸሎት ይጨምር ነበር። ከራሱ ውጭ የሆነ ማመሳከሪያም ነበረው። ሃይማኖቶችን ሁሉ አነጻጽሮ፣ ፈጣሪ አለ፣ አትግደል፣ አትስረቅ እንደሚሉት ያሉ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙባቸው ነገሮች ከፈጣሪ ናቸው፣ የሚለያዩባቸው ግን የሰው ሥራ ናቸው አለ። ይህ መለኪያ ፍጹም አይደለም፤ ብዙ ሰው በአንድነት ሊሳሳት እንደሚችል አሽ አሳይተዋል። ቢሆንም የአንዱን ልቡና በሌሎች ልቡና ማረም አስፈላጊ መሆኑን ያውቅ እንደነበር ያሳያል።

ብቻ መቆምና አብሮ መኖር። ሄዘል ማርከስና ሺኖቡ ኪታያማ በ1991 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት በአንዳንድ ባህሎች ሰው ራሱን ከሌላው የተለየ አድርጎ፣ በሌሎች ደግሞ ከቤተሰቡና ከማኅበረሰቡ ጋር የተያያዘ አድርጎ እንደሚያይ ገልጸዋል። ዘርዓ ያዕቆብ በአንዱ ብቻ አይመደብም። እውነትን የፈለገው ብቻውን ነው። የፈለጋት እውነት ግን ወደ ሰው መልሳዋለች፤ ሚስት አገባ፣ ልጆች አስተማረ፣ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ኖረ፣ ምንኩስናንም አልመረጠም።

የደራሲነት ክርክር

ሐተታው ለውጭው ዓለም የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኢትዮጵያ ውስጥ በነበሩት ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። ጽሑፉን ፓሪስ ለነበሩት የብራና ሰብሳቢ አንቷን ዳባዲ ላኩላቸው፤ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. የግዕዙን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተሙ።

ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ራሳቸው ጁስቶ ናቸው ብለው ጻፉ። ጽሑፉ በእሳቸው እጅ ብቻ መገኘቱን፣ ሐሳቡ የአውሮፓን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፍልስፍና መምሰሉን፣ የጁስቶ የልደት ስምም ያኮፖ ማለትም ያዕቆብ መሆኑን እንደ ማስረጃ አቀረቡ። ኦይገን ሚትቮክ በ1934 እ.ኤ.አ. ይህን ደገፉ። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊ ክሎድ ሰምነር የጽሑፉን ቋንቋና ይዘት በዝርዝር አጥንተው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ሐተታውን ለዓለም የፍልስፍና አንባቢ በማስተዋወቅም ትልቅ ድርሻ አላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊቷ ታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የኮንቲ ሮሲኒን ሐሳብ በአዲስ ጥናት አጠናከሩ። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ የነበራቸውን ጥርጣሬ ትተው በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊነቱን ደገፉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ራልፍ ሊ ከመሐሪ ወርቁና ከዌንዲ ቤልቸር ጋር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳትመዋል። ክርክሩ አልተዘጋም።

ክርክሩ ለእኔነት ጥያቄም ቀላል አይደለም። ዳን ማክአዳምስ በ1985 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ ሰው ማንነቱን የሚገነባው ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን አያይዞ ስለ ራሱ በሚተርከው ታሪክ ነው። ሐተታው የወርቄ ከሆነ፣ አንድ የአክሱም ገበሬ ልጅ በስደትና በብቸኝነት ራሱን እንዴት እንደሠራ የሚናገር ብርቅ ሰነድ ነው። የጁስቶ ከሆነ ግን «እኔ» የሚለው ድምፅ ጭምብል ነው፤ በገዳም ሥርዓት የሚኖር ሰው በራሱ ስም ሊለው ያልቻለውን በሌላ ሰው ስም ተናግሯል ማለት ነው። የመከራከሪያዎቹ ጥንካሬ በደራሲው ስም አይለወጥም፤ ለኢትዮጵያ የአስተሳሰብ ታሪክ ያላቸው ምስክርነት ግን ይለወጣል።

ተጽዕኖ

ዘርዓ ያዕቆብ ዛሬ ስለ አፍሪካ ፍልስፍና በሚሰጡ ትምህርቶች ደጋግሞ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም የተቀበለውን ሁሉ በመጠራጠር ከጀመረው የዘመኑ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት ጋር ይነጻጸራል። ዴካርት የታወቀውን የስልት መጽሐፉን ያሳተመው በ1637 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሐተታው ተጻፈ የሚባለው ከዚያ 30 ዓመት በኋላ ነው። ዴካርት የተነሣው ከጥርጣሬ ነው። ዘርዓ ያዕቆብን ወደ ምርመራ የገፋው ግን ስደት ነበር፤ ሁለት ወገኖች በፈጣሪ ስም ሲገዳደሉ ከመካከላቸው ቆሞ ማን እውነት እንደያዘ መለየት ነበረበት። አንባቢውም የእሱን መልስ እንዲቀበል አይጠይቀውም፤ በራሱ ልቡና መርምሮ የራሱን እንዲጨምርበት ይፈልጋል።